በገዛ ድካሙ የሚማር ተማሪ

ስለ ትምህርት ጥቅም የሚነገረው ብዙ ነው፤ ስለ ትምህርት ዋጋ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ዕውቀት ብርሃን መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ዳሩ ግን መብራት ያለ ዘይት አይበራም፤ ዘይቱንም የሚገዛ ሰው ያስፈልጋል። አባቱ የሞተበት፥ እናቱ በሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች የምታሳድገው፥ ወይም ወላጆቹ በሕይወት እያሉ ከአንድ ጥማድ በሬና ከቁራሽ መሬት በቀር ሌላ ሀብት የሌላቸው ልጅ ፈተናውን አልፎ የዩኒቨርሲቲ በር በተከፈተለት ጊዜ፥ ደስታና ጭንቀት በአንድ ቀን ወደ ቤቱ ይገባሉ። ደስታው ልጁ በማለፉ ነው፤ ጭንቀቱም «እንግዲህ በምን እንልከዋለን?» የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው፥ የወላጅ እጅ ማጠር የትምህርት መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ሆኖም በገዛ ድካም መማር በምኞት ብቻ የሚፈጸም ነገር አይደለም። ወጪን አስቀድሞ መቍጠርን፥ ሥራን አለመናቅን፥ ከሁሉም ይልቅ ልክን ማወቅን ይጠይቃል። ይህን ሳያስቡ ተነሥተው በመንገድ የቀሩ ብዙዎች ናቸውና፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ብንመለከተው ለወላጆችም ለተማሪዎችም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የቀደመው የተማሪ ኑሮ

ያለ ወላጅ ገንዘብ መማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም ለብዙ ዘመናት በቤተ ክርስቲያን ከፍተኛውን ትምህርት ከተማሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ከአባታቸው ቤት አንድ ቁና እህል ሳይላክላቸው ነው የተማሩት። ትምህርት የፈለገ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ ከአገሩ ይወጣ ነበር። ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፥ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። አንዳንዱም ወላጆቹ ለከብት ጥበቃ ስለሚፈልጉት እንዳይመልሱት ፈርቶ ሌሊት ጠፍቶ ይሄዳል። ይህ ኑሮ ዛሬም ከአብነት ትምህርት ቤቶች ፈጽሞ አልጠፋም።

ከመምህሩ ደጅ ሲደርስ የተዘጋጀ አዳራሽ አይጠብቀውም። ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፥ ወይም ከቀደሙት ተማሪዎች ተጠግቶ ያድራል። ማለዳ ተነሥቶ ቀለሙን ይቀጽላል፤ የመለመኛው ሰዓት ሲደርስ ወደ መንደር ወጥቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ያገኘውንም ቁራሽ በአኮፋዳው ይዞ ይመለሳል። ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፥ ውኃ ይቀዳል፥ በክረምትም ማሳውን ያርማል። መምህሩ የወር ክፍያ አይጠይቀውም፤ ተማሪው ግን በጕልበቱ ይከፍላል። ትምህርቱ የገፋው ጀማሪውን ያስጠናዋል፤ ጀማሪውም በተራው እየለመነ ያበላዋል።

የዚህን ኑሮ መከራ በማር ለውሰን ለማቅረብ አንፈልግም። በረኀብና በበሽታ ምክንያት ትምህርቱን ሳይፈጽም የቀረ ብዙ ነው፤ የውሻ ንክሻና የበረዶ ምሽት ምን እንደ ሆኑ በዚያ ያለፈ ያውቃቸዋል። ነገር ግን በዚያ ኑሮ ውስጥ ሦስት ብልሃቶች ነበሩ። አንደኛው፥ ኅብረተ ሰቡ ተማሪውን እንደ ራሱ ልጅ ይቈጥረው ነበር፤ ከገበሬው መሶብ የምትወጣው ቁራሽ ዛሬ የትምህርት ድጋፍ የምንለው ነገር ነበረች። ሁለተኛው፥ ተማሪው በጕልበቱ ያገለግል ነበር እንጂ በከንቱ አይቀበልም ነበር። ሦስተኛው፥ ዕውቀቱ ራሱ ገንዘብ ሆኖት የበታቹን በማስተማር ይኖርበት ነበር። እነዚህን ሦስቱን በልባችን እንያዝ፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ለሚማር ችግረኛ ተማሪ የሚያስፈልጉት እነዚሁ ናቸውና።

በሌላው ዓለም የሆነው

ይህ መንገድ የኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን ከውጭ አገር ሦስት ሰዎችን እናንሣ። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው የተፈጥሮን ሕግ በመመርመር ስሙ በዓለም የታወቀው እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ነው። በ1661 በካምብሪጅ ወደሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ሲገባ እናቱ ድኻ ባትሆንም የምትሰጠው ገንዘብ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የገባው ሌሎችን በማገልገል ከሚማሩት ተማሪዎች ጋር ነው። እነዚህ ተማሪዎች የትምህርታቸው ዋጋ እንዲቀልላቸው መምህራንንና ባለጠጎችን ልጆች በማእድና በመኝታ ቤት ያገለግሉ ነበር። ኒውተን በ1664 በትምህርቱ ተመርጦ የኮሌጁን ድጋፍ እስኪያገኝ ድረስ በዚህ ሁኔታ ኖረ።

ሁለተኛው በአሜሪካ በባርነት የተወለደው ቡከር ዋሽንግተን ነው። ከባርነት ነጻ ከወጣ በኋላ በልጅነቱ በጨው ማምረቻና በድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ሠርቷል። በ1872 ሃምፕተን ወደሚባለው ትምህርት ቤት ለመሄድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ በመንገድም ገንዘቡ አልቆበት ሪችመንድ በምትባለው ከተማ ከእግረኛ መንገድ ሥር እያደረ ከመርከብ ዕቃ በማውረድ የቀረውን የመንገድ ወጪ አገኘ። ከትምህርት ቤቱ ሲደርስ በኪሱ የቀረው ሃምሳ ሳንቲም ብቻ ነበር። መምህርቷም ሌላ ፈተና ሳትሰጠው አንድ ክፍል እንዲጠርግ አዘዘችው። እርሱም ሦስት ጊዜ ጠርጎ አራት ጊዜ አቧራውን ወለወለ። ይህ የመግቢያ ፈተናው ሆነለት፤ የትምህርት ቤቱ ጽዳትና ጥበቃ ሠራተኛ ሆኖም ምግቡንና ማደሪያውን በሥራው ከፈለ። በ1881 ደግሞ ራሱ በተስኪጊ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ሌሎችን አስተማረ።

ሦስተኛዋ ማሪ ኩሪ ተብላ የታወቀችው የፖላንድ ተወላጅ ናት። በዘመኗ በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይገባም ነበር፤ አባቷም ሁለት ልጆቹን ወደ ፓሪስ ለመላክ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ከእኅቷ ጋር ቃል ተጋቡ። ታላቂቱ ብሮኒያ አስቀድማ ወደ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና ትማር፤ ታናሺቱ ማሪ በባለጠጋ ቤት ልጆች እያስተማረች ገንዘብ ትላክላት፤ ብሮኒያ ስትጨርስ ደግሞ ማሪን ትርዳት ተባባሉ። ቃላቸውንም ፈጸሙ። ማሪ ዓመታት ጠብቃ በ1891 ፓሪስ ገባች፤ ከጊዜ በኋላም ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት አገኘች። ከዚህም በላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ1893 ለትምህርቷ 600 ሩብል ድጋፍ ተሰጥቷት ነበር፤ ድጋፉ መልሽ የሚባል ባይሆንም ማሪ ሥራ ስትይዝ ገንዘቡን አጠራቅማ መለሰች፤ ሌላ ችግረኛ ተማሪ እንዲማርበት አስባ ነው።

ከኒውተን አገልግሎት ውርደት አለመሆኑን፥ ከዋሽንግተን የተናቀ ሥራ በር እንደሚከፍት፥ ከሁለቱ እኅትማማች ደግሞ ለብቻ የማይቻለው ተራ በመግባት እንደሚቻል እንማራለን።

መንግሥት የሚሸከመውና የማይሸከመው

አሁን ወደ አገራችን ዩኒቨርሲቲ እንመለስ። በ1943 ዓ/ም ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹ ጥቂት ስለ ነበሩ ትምህርቱን፥ ምግቡንና ማደሪያውን መንግሥት ይችል ነበር። በ1957 ዓ/ም ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው፥ አብዛኛዎቹም በማስተማር፥ አገራቸውን የሚያገለግሉበት ሥርዐት ተጀመረ። ይህም ተማሪው የተቀበለውን በአገልግሎት እንዲመልስ የሚያደርግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች በየክፍለ ሀገሩ በዝተው፥ የተማሪውም ቍጥር እጅግ ጨምሮ፥ ወጪውን መንግሥት ብቻውን ሊችለው አልቻለም። ስለዚህ በ1995 ዓ/ም የወጪ መጋራት ደንብ ቍጥር 91/1995 ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፥ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ደግሞ ሙሉውን እንዲጋራ ተደነገገ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሲገባ በእጁ ክፈል አይባልም። ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቈረጠ ይከፍላል። ለምሳሌ በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው ቢያንስ 1,000 ብር ይቈረጥበታል ማለት ነው። ለመምህርነት የሠለጠነም ዕዳውን በአገልግሎት የሚወጣበት መንገድ አለ።

ብዙ ወላጆች ይህን ሳያውቁ «ዩኒቨርሲቲ ከፍለን ልናስተምር አንችልም» ብለው ልጃቸውን ያስቀራሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ሁሉ ነገር ነጻ ነው» ብለው ባዶ እጁን ይሰዱታል። ሁለቱም ስሕተት ነው። እንጀራውና አልጋው በውል ይገኛሉና የመጀመሪያዎቹ ሊሰጉ አይገባም። ቀጥለን እንደምናየው ደግሞ ውሉ የማይሸፍነው ወጪ አለና ሁለተኛዎቹ ሊዘናጉ አይገባም።

በግል ኮሌጅ ወይም በማታው ክፍል ለሚማር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ክፍያውን ራሱ ይችላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ/ም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን ይቀበላል። ስለዚህ ማንኛውም ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት «ቦታዬ በመንግሥት ድጋፍ ነው ወይስ በክፍያ?» ብሎ ጠይቆ በጽሑፍ መረዳት ይገባዋል።

ትንሹ ወጪ ትልቁን ትምህርት ሲያስቀር

ተማሪን ከዩኒቨርሲቲ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ትልቁ ወጪ አይደለም። የአውቶቡስ መሳፈሪያ፥ ሳሙና፥ ደብተር፥ የጽሑፍ ማባዣ፥ የስልክ ካርድ፥ የክረምት ጫማ፥ ለሴት ልጅ ደግሞ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ፤ ከባዶ ኪስ ጋር ሲገናኙ ተራራ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው።

በማስተማር ዘመናችን ካየናቸው ልጆች ሁለቱን እናስታውሳለን። አንደኛው በአያቱ እጅ ያደገ፥ በሒሳብ ትምህርት እጅግ የበረታ ልጅ ነበር። ከቤቱ ሁለት ቀን በሚያስኬድ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት በደስታ ሸኘነው። በሁለተኛው መንፈቅ ትምህርቱን ትቶ ተመለሰ። ያስወጣው ረኀብ አልነበረም፤ ምግቡም መኝታውም ነበረው። ጫማው አልቆ፥ የሚባዛውን ጽሑፍ የሚገዛበት አጥቶ፥ ከጓደኞቹ ፊት መቆም አፍሮ ነበር። ይህን ሁሉ ለአያቱም፥ ለመምህራኑም፥ ለእኛም አልነገረም። ችግሩን የሰማነው በአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ የመኪና ረዳት ሆኖ መንገደኛ ሲጠራ ካገኘነው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ተማሪ ቤቱ ሁሉ ተባብሮ አንድ ጫማ ሊገዛለት ይችል ነበር።

ሁለተኛዋ እናቷ ጠላ እየሸጠች ያሳደገቻት ልጅ ናት። ከመሄዷ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የዓመቱን ወጪ ከሳሙና ጀምራ እስከ መመለሻ መሳፈሪያ ድረስ ጻፈችው። ከዚያም ወረቀቱን ለእናቷ፥ ለአጎቷና ለእኛ አሳየች። አጎቷ መሳፈሪያውን ቻለ፤ መምህራን ደብተርና ብዕር አዋጡ። የቀረውን እርሷ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሴት ተማሪዎች ሹሩባ እየሠራች አገኘችው። ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ ታገለግላለች።

እነዚህን ሁለት ልጆች የለያቸው የአእምሮ ማነስ ወይም መብለጥ አይደለም። አንዷ ችግሯን ቈጥራ ተናገረች፤ ሌላው ችግሩን ሸሸገ። ድኽነት ኀፍረት አይደለም፤ ድኽነትን ሸሽጎ ትምህርትን ማጣት ግን ጕዳት ነው።

ተማሪ ሊሠራው የሚችለው ሥራ

እንግዲህ ለዚያ ትንሽ ወጪ የሚበቃ ገንዘብ ከየት ይገኛል? በመጀመሪያ ከዕውቀት ይገኛል። የቅኔው ተማሪ የበታቹን እያስጠና እንደ ኖረ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም በከተማው ያሉትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ፥ እንግሊዝኛ ወይም ፊዚክስ ሊያስጠና ይችላል። ከሌላው ሥራ ሁሉ ይህ የሚሻልበት ምክንያት አለው፤ ሲያስተምር የራሱ ዕውቀት ይጸናለታል፥ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ብቻ ይበቃዋል፥ ከመልካም ቤተ ሰብም ጋር ያስተዋውቀዋል።

ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው። ጠጕር ማስተካከል፥ ሹሩባ መሥራት፥ ልብስ መተኰስ፥ ጫማ መጠገን፥ የተበላሸ የእጅ ስልክ ማደስ፥ ጽሑፍ በኮምፒዩተር መጻፍ፤ እነዚህ ሁሉ ብዙ መነሻ ገንዘብ የማይጠይቁ፥ ደንበኛውም እዚያው ግቢ ውስጥ የሚገኝ ናቸው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠባበቅ ልጅ በዚያ የመጠባበቂያ ጊዜ ከነዚህ አንዱን ቢማር፥ ከወላጅ ሊያገኝ ከሚችለው ስንቅ የማያንስ ስንቅ ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛው የዕረፍት ጊዜ ሥራ ነው። በክረምት በአረም፥ በበጋ ዕረፍት በአጨዳ፥ በከተማም በግንባታና በመደብር ሠርቶ ያጠራቀመ ተማሪ፥ መንፈቀ ዓመቱን በትምህርቱ ላይ ብቻ ሊያውለው ይችላል። ዲያቆን የሆነ ተማሪ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ባለ ደብር እያገለገለ መጠነኛ ነገር የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ወንጌል እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበረ የምናነበው የእጅ ሥራ ከከፍተኛ አገልግሎት ጋር የማይጣላ መሆኑን ሊያስረዳን ነው።

አራተኛው መንገድ ቀን ሠርቶ ማታ መማር ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብድ፥ ብዙ ጊዜም ከሁሉ የሚረዝም ነው። ነገር ግን እናትና ታናናሾችን መርዳት ግዴታ ለሆነበት ልጅ ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ተማሪ ጓደኞቹ ቀድመውት ቢመረቁ ሊያዝን አይገባም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለእርሱ የተነገረ ይመስላል። ክፍያው በየመንፈቁ ወይም በየትምህርቱ ስለ ሆነ፥ በአቅሙ መጠን ጥቂት ትምህርት ወስዶ በሚገባ ማለፍ፥ ብዙ ወስዶ ከመውደቅና ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይሻለዋል።

ልክን ስለ ማወቅ

ሥራን ስናመሰግን የሥራውን አደጋ ልንደብቅ አይገባንም። ተማሪ የሚሠራው ለመማር ነው፤ ሥራው ትምህርቱን የበላበት እንደ ሆነ ግን የከፈለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከ2015 ዓ/ም ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የመውጫ ፈተና ማለፍ ተደንግጎባቸዋል። ሌሊቱን በጥበቃ አሳልፎ ቀን በክፍል የሚያንቀላፋ ልጅ በመጨረሻው ቀን የሚጠብቀው ይህ ፈተና ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መንፈቅ፥ አዲሱን አገርና አዲሱን ትምህርት እስኪለምድ ድረስ፥ ባይሠራ ይመረጣል። በኋላም ሥራው ከእንቅልፍና ከጥናት የሚሰርቅ ከሆነ ይተወው። ለሳሙና መግዣ ብሎ ዲግሪውን የሸጠ እንዳይሆን።

የምግብ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበል ተማሪም ይጠንቀቅ። ከግቢው ማእድ ይልቅ ገንዘቡን መርጠው ከሚቀበሉት መካከል በወሩ አጋማሽ ባዶ እጃቸውን የሚቀሩ አሉ። ገንዘቡን በሳምንት ከፋፍሎ መያዝ የማይችል ሰው ከማእዱ ባይለይ ይሻለዋል። በፍጥነት እናበለጽጋለን የሚሉ የውርርድና የእጅ ስልክ ንግዶችን ደግሞ ፈጽሞ ይሽሽ፤ እነዚህ ድኻን የበለጠ የሚያደኸዩ ናቸው።

በተለይ ስለ ሴት ልጆች አንድ ቃል መናገር ግዴታችን ነው። በባዕድ ከተማ ገንዘብ ያጠራት ልጅ «ልርዳሽ» የሚል ሰው አያጣትም። ከርዳታው ጋር ግን ምሥጢር ያዥ፥ ብቻሽን ነይ የሚል ቃል ከተጨመረበት ያ ርዳታ ሳይሆን ወጥመድ ነው። እውነተኛ ረጂ በሰው ፊት ይሰጣል። ወላጆችም ሴት ልጃቸውን ሲሸኙ ምክር ብቻ ሳይሆን፥ በጨነቃት ሰዓት ሳትፈራ የምትደውልለትን አንድ የታመነ ሰው ስም ይስጧት። ስትደውልም አትቈጧት። ቍጣን የፈራች ልጅ ወደ ወጥመዱ ትሄዳለች።

ገንዘብ የሌለው ወላጅ የሚሰጠው

«የምንሰጠው የለንም» የሚሉ ወላጆች ብዙ የሚሰጡት አላቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ነጻነት ይስጡት። የተማረውን ልጅ ገና ሳይመረቅ «መቼ ትልክልናለህ?» እያሉ ማስጨነቅ፥ ያልበሰለ እህል ማጨድ ነው። በሶና ቆሎ ማዘጋጀት፥ በየሳምንቱ ደውሎ ደኅንነቱን መጠየቅ፥ ሲደክመው ማበረታታት ከገንዘብ የማያንስ ድጋፍ ነው። ልጆች ብዙ በሆኑበት ቤት ደግሞ የሁለቱን እኅትማማች ቃል ማሰብ ይገባል። ሁሉን በአንድ ጊዜ መላክ ባይቻል፥ አንዱ ይቅደም፤ የቀደመውም ለተከታዩ ቃል ይግባ። ቃሉ በወላጆች ፊት ይሁን፤ ተራውም ሴት ልጅን ሁልጊዜ ኋላ የሚያስቀር አይሁን።

ጎረቤትና ምእመናንም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ዕድራችን ለሞተው ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ሰንበቴያችን በየሰንበቱ ማእድ ያዘጋጃል። በአንድ ሰፈር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ችግረኛ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ቢገቡ፥ የመሳፈሪያቸውንና የደብተራቸውን ገንዘብ አባላቱ ቢያዋጡ፥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ብዙ የማይበልጥ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አባቶቻችን የማያውቁትን ተማሪ ከደጃቸው ባዶ እጁን አልሰደዱትም፤ እኛ የምናውቀውን የጎረቤት ልጅ ልንሰድደው አይገባም። ሲሰጥም ልጁ በጉባኤ ፊት ቆሞ ድኽነቱ እንዳይነገርበት፥ አንድ ሽማግሌ በክብር ያድርስለት።

ተማሪውም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያሉትን በሮች ያንኳኳ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች አገልግሎት ክፍል፥ የበጎ አድራጎት ማኅበራትና ችግረኛ ተማሪዎችን የሚረዱ መምህራን ይገኛሉ። የምእመናን ልጆች በሚሰበሰቡበት የግቢ ጉባኤም ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እነዚህ ሁሉ ያልነገሩአቸውን ችግር ሊያውቁ አይችሉም።

ዕዳን በክብር ስለ መክፈል

የመጨረሻው ነገር ስለ ዕዳው ነው። የወጪ መጋራቱን ውል ብዙ ተማሪ ሳያነብ ፈርሞ ይረሳዋል። ሥራ ፈልጎ፥ ወይም ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ሊሄድ አስቦ የትምህርት ማስረጃውን ሲጠይቅ ግን «አስቀድመህ ዕዳህን ክፈል» ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ የፈረመበትን ቅጂ ከማስረጃዎቹ ጋር ይጠብቅ፥ ድምሩንም ይወቅ፥ ሥራ በያዘ ጊዜ አሠሪው በየወሩ ቈርጦ ለመንግሥት ማስገባቱን ያረጋግጥ።

ይህን ክፍያ እንደ ቅጣት የሚያዩት አሉ። እኛ ግን በሌላ ዓይን እንየው እንላለን። ያ ገንዘብ ከየት መጣ? ዩኒቨርሲቲ በር ደርሰው ከማያውቁ ገበሬዎች፥ ከወዛደሮችና ከነጋዴዎች ግብር የመጣ ነው። በአኮፋዳው ቁራሽ የተማረ ሊቅ ወንበር ዘርግቶ ያለ ክፍያ ያስተምር የነበረው፥ የተቀበለው የሕዝብ መሆኑን ስላወቀ ነበር። ዛሬ የተመረቀውም ዕዳውን ከፍሎ፥ በላዩም ለአንድ ታናሽ ተማሪ መሳፈሪያ ቢችል፥ ማሪ ኩሪ ያደረገችውን አደረገ ማለት ነው።

እንግዲህ እናንት የወላጅ ገንዘብ የሌላችሁ ተማሪዎች፥ ከመነሣታችሁ በፊት ወረቀትና ብዕር ይዛችሁ ወጪያችሁን ጻፉ። ውሉ የሚችለውን ለዩ፤ የቀረውን በሥራችሁ፥ በዘመዶቻችሁና በጎረቤቶቻችሁ መካከል አካፍሉ። የጎደለውንም ለምታምኑት ሰው ሳታፍሩ ንገሩ። ወላጆችም ወረቀቱን ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተመልከቱት። አንድ ሌሊት ተቀምጦ የተቈጠረ ወጪ፥ ከአራት ዓመት ጭንቀት ያድናል።